ኮሮላ 1.5፦ ኮን ፊልትሮ ልግዛ፣ ራሴ ልሥራ ወይስ የፋብሪካውን ሳጥን ልተወው?

ፒያሳ_ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ ነው፤ 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። ዳገት ላይ ይደክማል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ይፈልጋል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦማ አይወራ። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ ኮምፕረሽኑ ተለክቶ ደህና ነው፣ ቼክ ኢንጂን አልበራም።

ሶማሌ ተራ 76 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም የአየር መግቢያ ቱቦ ከነኮን ፊልትሮው (ያለ ሳጥን ክፍት የሚቀመጥ ሾጣጣ የአየር ፊልትሮ) ይሸጣል። ሻጩ እስከ 10 ፈረስ ጉልበት ይጨምራል ባይ ነው። ሌላው አማራጭ ከፒቪሲ ቱቦና ከጎሚቶ (ከቱቦ መታጠፊያ) ራስ መሥራት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ነገር የሚታይ ለውጥ ያመጣል? ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ወጥቶ ኮን ሲገባስ ምን ይበላሻል?

ቢዬላ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተርህ ያጣው ምን እንደሆነ እንለይ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲነሳ ሩቡን አየር አጥቶ ነው የሚነሳው። ፋብሪካው 109 ብሎ የጻፈው ፈረስ ጉልበት መሀል ከተማ ላይ 82 ገደማ ይሆናል። እንጦጦ አናት ግፊቱ ወደ 70 ይወርዳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱቦ ግፊት አይፈጥርም፣ ስለዚህ ይህን ኪሳራ የትኛውም ቱቦ አይመልሰውም።

«ነፋሱ ፊት ለፊት እየገባ ይገፋል» የሚባለውም በሒሳብ ሲታይ ባዶ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ነፋሱ በእኛ አየር የሚሰጥህ 0.35 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከ76ቱ ላይ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። በከተማ ፍጥነትማ አይወራም።

የቀረው ሙቀት ነው። የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ በ1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጥያቄው «ሞተሬ አሁን ከውጭው አየር በስንት ዲግሪ የሞቀ አየር ነው የሚስበው?» ነው። ይህን ደግሞ መገመት የለብህም። የብሉቱዝ ኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰካና በስልክህ የመግቢያ አየር ሙቀትን እይ። ሁለት ጊዜ ለካ፦ አንዴ ትራፊክ ውስጥ 10 ደቂቃ ከቆምክ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ በ60 እየነዳህ 5 ደቂቃ ካለፈ በኋላ። የውጭውን ሙቀት ጥላ ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ያዝ።

ሁለተኛው ልኬት እንቅፋቱ ነው። ከሞተሩ እስከ ጎንህ ወንበር የሚደርስ ስስ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ግዛና በዩ ቅርጽ ካርቶን ላይ እሰር፤ እያንዳንዱ ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ውሃው ግማሽ ድረስ ይሙላ። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ፣ ከስሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጥ ከሚከፈተው የአየር በር) በፊት ካለ ቀዳዳ ጋር አገናኝ። የሞተሩ መተንፈሻ ላስቲክ የሚገባበት ጥሩ ቦታ ነው፤ ላስቲኩን ለልኬቱ ብቻ ነቅለህ ጫፉን በጨርቅ ሸፍን። ሌላው ጫፍ ክፍት ይቅር። ካርቶኑን ጎንህ የተቀመጠ ሰው ይያዘው፣ አንተ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሙሉ ረግጠህ እስከ 6,000 ዙር ውሰደው። በሁለቱ ክንዶች መካከል የታየው የውሃ ልዩነት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ያጣኸው 1 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቁጥሮቹን ይዘህ ተመለስ፤ ከዚያ በፊት ምንም አትግዛ።

ሴንሰር_አንባቢ

ቢዬላ ያለው ትክክል ነው። የ76ቱ ቱቦ ግን ከጉልበት የባሰ ሌላ ጣጣ አለው።

1ኤንዜድ አየሩን የሚመዝነው በትኩስ ሽቦ ነው፤ ማፍ የሚባለው ሴንሰር፣ የአየር ሙቀቱንም የሚያነበው ውስጡ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው በአጠገቡ የሚያልፈውን ንፋስ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ጠቅላላ አየሩን የሚያሰላው «ቱቦው ይህን ያህል ስፋት አለው» ብሎ ከፋብሪካ በተነገረው መሠረት ነው። ስፋቱን ከቀየርክ ሚዛኑን ቀየርክ ማለት ነው። ለምሳሌ ኦርጅናሉ የሴንሰር ማረፊያ ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን (የአንተን በካሊፐር ለካው) እና አዲሱ ቱቦ 76 ሆኖ የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ 72 ቢቀር፣ የአፉ ስፋት 1.44 እጥፍ ይሆናል። ያው አየር በ1.44 እጥፍ ዝግ ብሎ ያልፋል፣ ሴንሰሩም 30 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጭስ መውጫው ላይ ባለው ኦክስጅን ሴንሰር እየተመራ ለማረም ይሞክራል፤ ማረሚያው ገደቡን ሲያልፍ ፒ 0171 የሚባለውን የነዳጅ ማነስ ኮድ ይጽፋል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል።

ሙሉ ስትረግጥ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩን መከተል ያቆማል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በነዳጅ እጥረት ሊሮጥ ይችላል። ፋብሪካው ሙሉ ርግጫ ላይ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚሰጥ፣ ትንሽ ሲቀንስ ጉልበት የጨመረ ይመስላል። «ለውጡ ተሰማኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ላያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው ላይፈነዳ) ይችላል። ወደ አዋሽ ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ማንኳኳቱ እዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ብትሠራ የሴንሰሩ ማረፊያ ኦርጅናሉ ይሁን። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ የፊልትሮ ሳጥን ክዳን ፈልገህ፣ ማረፊያውን ከነክብ ቱቦው ቆርጠህ መጠቀም ትችላለህ፤ የራስህን ሳጥን አትንካ። ከሴንሰሩ በፊት ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ሁለት እጥፍ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለ ቱቦ ይኑር። ከጎሚቶ መታጠፊያ ላይ ወዲያው ካስቀመጥከው ንፋሱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያደላ ንባቡ ይዘላል፣ ሚኒሞም (ሞተሩ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል። ሴንሰሩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ይመልከት።

መጠኑን በተመለከተ 76 ለዚህ ሞተር ትርፍ ነው። 1.5 ሊትር በ6,000 ዙር የሚስበው በሰከንድ 64 ሊትር ገደማ አየር ነው። በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ይህ በሰከንድ 22 ሜትር ይሮጣል፤ ምንም የሚያስጨንቅ አይደለም። ለማመሳከሪያ ያህል፣ ጤነኛ 1.5 መሀል አዲስ አበባ ላይ በ6,000 ዙር ሙሉ ተረግጦ ማፉ በሰከንድ 55 ግራም አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። 40 ብቻ ካሳየ ችግሩ የቱቦ ሳይሆን የቆሸሸ ሴንሰር፣ የተደፈነ ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) ወይም ማርሚታ ነው። የአንተ መኪና ከመጠን በላይ የሚደክም ከሆነ መጀመሪያ ይህን ቁጥር እይ።

ዲኤክስ_አፍቃሪ

ድምፁ ግን ደስ ይላል፤ እሱንም አትካዱት። ካርቡሬተር ላላቸው አሮጌ ኮሮላዎች ደግሞ ሴንሰር የለም፣ የፈለግከውን ቱቦ ግጠም።

ሴንሰር_አንባቢ

ድምፁን ማንም አልካደም 🙂 የፋብሪካው ቱቦ ላይ የተለጠፈው ባዶ ሳጥን ያን ድምፅ ለማፈን ነው የተሠራው። ሲነሳ ድምፁ ይወጣል፣ ታችኛው ዙር ላይ ያለው ጉልበት ደግሞ ሊቀንስ ይችላል፤ ትራፊክ ውስጥ የምትኖረው ደግሞ በታችኛው ዙር ነው። ካርቡሬተር ላይም «የፈለግከውን» አይባልም። ከማርሚታው ማኒፎልድ (ጭሱ ከሞተሩ ከሚወጣበት ትኩስ ብረት) ላይ ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ሙሉ በሙሉ ከደፈንከው፣ በክረምት እርጥብ ማለዳ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊይዝና ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል።

ፒያሳ_ኮሮላ

ለክቻለሁ። የውጭ ሙቀት 21። ሜክሲኮ አካባቢ መጨናነቅ ላይ 10 ደቂቃ ቆሞ 52 ዲግሪ፣ በ60 እየሄደ 27 ዲግሪ። የውሃው ልዩነት በነበረው የወረቀት ፊልትሮ 14 ሳንቲ ሜትር፣ በአዲስ ወረቀት 8። ማፍ በመጀመሪያ 41 ነበር፤ ሴንሰሩ በማፍ ማጽጃ ስፕሬይ ተነፍቶ ከደረቀ በኋላ 54 አሳየ። ዳገት ላይ ያለው ልዩነት ከአሁኑ ይታወቃል። ከዚህ በኋላስ መሥራቱ ትርጉም አለው?

ቢዬላ

ጨርሰኸዋል ማለት ይቻላል። ቁጥሮችህን እናንብባቸው።

እየሄድክ 27 ከ21 ጋር ሲነጻጸር የ6 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ 2 በመቶ። አዲስ ፊልትሮ ካስገባህ በኋላ የቀረው 8 ሳንቲ ሜትር ውሃ ደግሞ 1 በመቶ ነው። ፍጹም የሆነ፣ ምንም የማያሞቅና ምንም የማይከለክል መግቢያ ቢሠራልህ ጠቅላላ የምታተርፈው 3 በመቶ፣ ከ82 ላይ 2.5 ፈረስ ነው። ሻጩ የሚልህ 10 ከየት እንደሚመጣ እሱ ይወቀው። የፋብሪካው ሳጥን እኮ ራሱ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ነው፤ አፉ ከራዲያተሩ ፊት ነው የሚስበው።

ክፍት ኮን ኮፈኑ ሥር ብታስቀምጥ ግን ቆመህ የሚታየው 52 ወደ 60ዎቹ ይወጣል፣ ስትነሳም ቶሎ አይወርድም። መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ቆመህ ስትነሳ የምትፈልገውን ጉልበት የሚበላው እሱ ነው።

ሊሠራበት የሚገባው ያ 52 ነው። ሳጥኑ ይቅር፤ ሙቀቱን ከሳጥኑ አርቅ፣ አፉን ከራዲያተሩ ጀርባ ሙቀት ነጥል። ላሜራ የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ይጨምርበት።

ላሜራ_ቤት

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። 1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ፣ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። መጀመሪያ በካርቶን ቅድ፤ ላሜራ ላይ ቀጥታ የጀመረ ሰው ሁለት ላሜራ ነው የሚገዛው። ከሳጥኑና ከሞተሩ መካከል የሚቆም ግድግዳ ይሁን፣ ከሳጥኑ 15 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ። አየር በሁለቱ መካከል ማለፍ አለበት፤ ከተለጠፈ ሙቀቱን ያስተላልፋል። የሚታሰረው በአካሉ ላይ ባሉት ነባር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ነው፣ ከሥሩ የላስቲክ ሮንዴላ ይግባ፤ አለዚያ ይንጫጫል። ሞተሩ ላይ ጭራሽ አትሰር፣ ሞተር ይወዛወዛል።

የላይኛው ጠርዝ ላይ የበር ላስቲክ ይልበስና ኮፈኑን ሊነካ ይድረስ። ርቀቱን ለማወቅ የተቦካ ሊጥ በእንቁላል መጠን ጠርዙ ላይ በሦስት ቦታ አስቀምጥ፣ ላዩን በፌስታል ሸፍን፣ ኮፈኑን ቀስ ብለህ ዝጋና ክፈት። የሊጡ ውፍረት ክፍተትህን ይነግርሃል። ላስቲክ ላለበት ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር፣ ላስቲክ ለሌለው ብረት ከ15 በታች አይሁን።

ለአፉ ደግሞ፣ ከፋብሪካው አፍ ጀምሮ እስከ ፊት ግሪሉ ጀርባ ድረስ የሚሄድ ተጣጣፊ ቱቦ፣ ውስጡ ከአፉ ስፋት ያላነሰ፣ ሽቦ ያለው። በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) እሰረው፣ ከመጠን በላይ አታጥብቅ፤ የፋብሪካው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። በራዲያተሩና በፊት ማቀፊያው መካከል ክፍተት ካለ በስፖንጅ ድፈነው። መኪናው ሲቆም ማራገቢያው የገፋው ትኩስ አየር ወደ ፊት ዞሮ የሚመለሰው በዚያ ክፍተት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ላሜራው አልሠራም ይላል።

የቱቦው አፍ ቀጥታ ወደ ፊት አይመልከት፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ዘንበል ይበል። የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ አቧራና የክረምቱ ዝናብ ሁለቱም ፊት ለፊት ነው የሚመጡት።

ፒያሳ_ኮሮላ

አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይሠራል። ለማወቅ ያህል፣ ፒቪሲው ለምን አልተወደደም? ታጥቦ ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮስ?

ሴንሰር_አንባቢ

ፒቪሲ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ከፊልትሮው በፊት፣ በራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ከሆነ ምንም አይል። ከማኒፎልዱ አጠገብ ካለፈ ግን በመምጠጡ ብቻ እንደ ጭማቂ መምጫ ይጨፈለቃል። ከፊልትሮው በኋላ ከተጠቀምክበት ደግሞ የተቆረጠበትን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለስልስ፣ አጥበህ አድርቅ። ከፊልትሮው በኋላ የቀረ አንዲት ፍቅፋቂ መድረሻዋ ሲሊንደር ነው። አሉሚኒየምም ቢሆን ይሞቃል ተብሎ ይታማል እንጂ ሙሉ ስትረግጥ አየሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ የሚቆየው 0.03 ሰከንድ ነው፤ ለመሞቅ ጊዜ የለውም። በሚኒሞ ግን አንድ ሰከንድ ያህል ስለሚቆይ ይሞቃል።

የሞተሩ መተንፈሻ ላስቲክ ከሴንሰሩ በኋላ መመለስ አለበት። ነቅሎ ትንሽ ፊልትሮ ጫፉ ላይ የሚያስር ሰው፣ ያልተመዘነ አየር ወደ ሞተሩ እየገባ እንደሆነ ይወቅ።

የጥጡን ፊልትሮ በተመለከተ፣ ለአቧራችን ወረቀት ይሻላል። ጥጡ ሲታጠብ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ዘይቱ በስሱ በየእጥፉ ጫፍ ይፈስ፣ ሰርጎ ቀለሙ እስኪዳረስ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጠበቅ። የበዛው ዘይት በትኩሱ ሽቦ ላይ ያርፋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ንባቡም 41 ወዳልከው ይመለሳል። ሴንሰሩን ስታጸዳ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናልና በጥጥ አይነካ። የካርቡሬተር ወይም የፍሬን ማጽጃ አይነፋበት።

ሠርተህ ስትጨርስ ፍተሻው ቀላል ነው። በሚኒሞ እየሠራ የመግቢያውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ሙሉ በሙሉ ድፈን፤ በእጅህ አይሁን። ሞተሩ በሁለት በሦስት ሰከንድ ካልጠፋ አንድ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው። ቀጥሎ ለጥቂት ቀን ነድተህ የረጅም ጊዜ ፊዩል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚያርምበትን መጠን) ከበፊቱ ጋር አወዳድር። ልዩነቱ በ5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ደህና፤ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ፋሸታዎቹን ተመልከት።

ቢዬላ

አንድ የቀረ ነገር፣ ሐምሌና ነሐሴ። የተጣጣፊውን ቱቦ አፍ ከፓራውልቱ በታች አታውርድ፤ ከፊት መብራቱ መሀል ከፍታ በታች ባይሆን ይመረጣል። ድልድይ ሥር የተጠራቀመ ጎርፍ ውስጥ ስትገባ ከፊትህ የሚነሳው ማዕበል ከውሃው ከፍ ይላል። የዚህ ሞተር መጨመቂያ 10.5 ለ1 ነው፤ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ በአንድ ሲሊንደር የሚቀረው ባዶ ቦታ 39 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ውሃ ከገባ ውሃ አይጨመቅምና ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይታጠፋል።

ሳጥኑ ውስጥ፣ ከፊልትሮው በፊት ባለው ዝቅተኛ ቦታ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካለ አትድፈን፤ ከሌለ ብሳ። ውሃ ውስጥ ከጠፋብህ ቁልፉን ደግመህ አትዙር። ይገፋ፤ ፊልትሮው ረጥቦ ከሆነ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የነዳጅ መርጫዎቹ ሶኬት ይነቀል፣ ከዚያ በሞተሪኖ 5 ሰከንድ 5 ሰከንድ እያደረግክ ውሃውን አስወጣ። የዘይት መለኪያውን አውጣ፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጥቶ ከሆነ ሳይቀየር አይነሳም። ከተነሳም በኋላ ኮምፕረሽኑን አስለካ፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ቢዬላው አጥሯል።